ድንቡሼና የሁለቱ ፓውዛዎች ወንበር

ተረት አለኝ!
አምጣው!
መንገዱ ጉም ነው!
አብራው!

እንግዲያው ስሙኝ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ትልቅ ተራራ ጫፍ ላይ ደባልቄ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ደባልቄ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ክብ ናት፣ አጭር ናት፣ ስሟም ድንቡሼ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ፍሬኗ የታመነ ነው፤ የደከመው ዓይኗ፣ መብራቷ ብቻ ነው። ከመንደሩ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ደግሞ አያ ጉም ይኖራል። አያ ጉም ጠዋት ጠዋት ገደሉንና መንገዱን አንድ አድርጎ ይሸፍንና የመጣውን መኪና ሁሉ፣ "ተመለስ!" ይላል።

የደባልቄ ልጅ ዘርፌ እሑድ ጠዋት ልትዳር ነው። የሙሽራው ቤት ከተራራው ግርጌ ነው። ደባልቄ ወደ ድንቡሼ መጣና ኮፈኗን መታ መታ አደረጋት።

"ስሚኝ ድንቡሼ፣ የዘርፌን እናት አግብቼ ያመጣኋት በአንቺ ነው፤ ልጄንም በአንቺ ብድራት ደስ ባለኝ። ግን ጉሙን ማለፍ ካልቻልሽ ሌላ መኪና እከራያለሁ። አንቺም ከዚያ ወዲያ ጓሮ ትቆሚያለሽ።"

"ጓሮ ቆሜ ምን ልሠራ?"

"የዶሮ ቤት ትሆኛለሽ።"

ይህን ጊዜ ገብስማዋ ዶሮ በመስኮት ዘላ ገባች። "የኋላው ወንበር የእኔ ነው!" አለች። "መሪው ላይ አውራ ዶሮው ይሰፍራል። ውይ፣ ስፖንጁ ሲመች!"

"ውረጂ!" አለች ድንቡሼ።

"እሺ እወርዳለሁ፤ ምን አስቸኮለኝ? እሑድ እንደሆነ ደርሷል።"

ድንቡሼ ደነገጠች፤ ግን አላለቀሰችም። እንባ መስታወት ከማደብዘዝ በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። "ጋሼ፣ ፓውዛ ፈልግልኝ፤ ጉም የሚያሳልፈኝ ተጨማሪ መብራት" አለችው።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገፍፍ ተያይዘው ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ወረዱ። መብራቱ ሁሉ "እኔን! እኔን!" ይላል። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ፀሐዩ የሚባል አዲስ ፓውዛ ነው። ትሪ ያክላል።

"እኔ እያለሁ ጉም ምንድን ነው? አቃጥለዋለሁ!" አለ ፀሐዩ።

የደባልቄ ልብ ተሰረቀ። ድንቡሼ "ጋሼ፣ ይህ ከእኔ ጋር አይሄድም" ብትለውም አልሰማትም። የፊት መከላከያ ብረቷ፣ ፓራውልቷ ላይ ሲያስረው ብረቱ ጎበጠ። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ገቡ፤ ፀሐዩም ቦግ አለ።

"ኧረ በሕግ! ጠጣኝ! ጠጣኝ!" ብላ ጮኸች ባትሪዋ። ኃይል የሚሞላላት ዲናሞ እየሮጠ ሊሞላላት ቢል አልደረሰላትም። ባትሪዋ ዝልፍልፍ አለች። ፀሐዩም አብሮ ጠፋ።

"ተመለሺ!" አለ አያ ጉም፤ ሳቁ ገደል ለገደል አስተጋባ።

ድንቡሼ ተገፍታ ቤቷ ገባች። ገብስማዋ በር ላይ ጠበቀቻት። "አይዞሽ፣ ጭዱን አዘጋጅቻለሁ፤ አሁኑኑ ላስገባልሽ።"

"ጋሼ፣ አሁን እኔን ስማ" አለች ድንቡሼ። "የዘመኔን ልጆች ፈልግልኝ። ዲናሞዬ የሚችላቸውን፣ ብሎናቸው ከቀዳዳዬ የሚገጥመውን።"

ተመልሰው ሄዱ። ሲያገላብጡ፣ ሲያገላብጡ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ሁለት የድሮ ፓውዛዎች ተገኙ! አንደኛው አባ ብጫ ናቸው፤ መስታወታቸው ብጫ፣ ፊታቸው ሰፊ፣ ብርሃናቸው እንደ ምንጣፍ በአጭሩ የሚዘረጋ። ሁለተኛው አሻግሬ ነው፤ ውስጡ ጎድጓዳ፣ ብርሃኑ እንደ ጦር ቀጭን፣ ሩቁን የሚያይ። ባትሪዋ ሁለቱንም ሞከረቻቸው። "እነዚህስ ጨዋዎች ናቸው፤ ጎንጨት አድርገው ይተዋሉ" አለች።

መቀመጫው ሁለት ነው። አንዱ ከላይ፣ ጣሪያዋ ላይ ካለው ዕቃ መጫኛ ፊት ለፊት። ሌላው ከታች፣ ከፓራውልቷ ሥር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

"አባ ብጫ፣ ወደ ላይ ከፍ ይበሉ" አለ አሻግሬ።

"የለም ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ አንተ ውጣ።"

"በሞቴ! እርስዎ ታች ተቀምጠው እኔ ከበላይዎ? ሰው ምን ይለኛል?"

"አንተ ትሙት እዚህ ይበቃኛል።"

"አፈር ስሆን!"

ደባልቄም ባህል የሚያውቅ ሰው ነውና፣ "ታላቅ እያለ ታናሽ ከላይ አይቀመጥም" ብሎ አባ ብጫን ከላይ፣ አሻግሬን ከታች አሰረ። ድንቡሼም አልተቃወመችም። እሷም ብትሆን ያደገችው በዚሁ አገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ገቡ። አባ ብጫ ከላይ በሩ።

"እንኳን ደህና መጡ አባቴ!" አለ አያ ጉም እጁን ዘርግቶ። "ይስጡኝ፣ ብርሃንዎን ሁሉ ይስጡኝ፤ እዚያው ዓይንዎ ላይ እመልስልዎታለሁ።"

መለሰውም! የድንቡሼ የፊት መስታወት ወተት የተደፋበት መሰለ። አሻግሬ ከታች ሆኖ አንዲት ጠጠር ላይ አፍጥጦ ቀረ። የፊት ጎማዋም "ገደል! ገደል!" ብሎ ጮኸ። ደባልቄ ፍሬን ያዘ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ቀስ እያሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ።

"በቃ፣ መኪና ልከራይ" አለ ደባልቄ። አንገቱን ደፋ።

አያ ጉም ድል ሲያደርግ አያርፍም፤ ተከትሏቸው እስከ ግቢው ገባ። ቤቱም በረቱም ተሸፈነ። ድንቡሼ በጉሙ መሃል ቆማ ከሥሯ ጫር ጫር የሚል ድምፅ ሰማች። ገብስማዋ እህል እየለቀመች ነው።

"አንቺ ገብስማ፣ በዚህ ጉም እህሉ እንዴት ታየሽ?"

"የምን ጉም?" አለች ዶሮዋ ቀና ሳትል። "ጉሙ ያለው እናንተ ረጃጅሞቹ ጋ ነው። እኔ ጋ ብራ ነው።"

ድንቡሼ ሞተሯ ሳይነሣ ነዘራት። "ጋሼ! ጋሼ! ቶሎ ና፣ በሆድህ ተኛ!"

"ምን?"

"ተኛ አልኩህ! አገጭህ መሬት ይንካ!"

ደባልቄ እያጉረመረመ ተኛ። ከዚያ ጮኸ። "ኧረ ይታየኛል! የዶሮዋ እግር ይታየኛል! በረቱ ይታየኛል! ጉሙ መሬቱን አልነካም!"

አሁን የቀረው አባ ብጫን ማሳመን ነው። "ምን?" አሉ አባ ብጫ። "እኔ ከእግር ሥር? ጭቃ የሚረጭበት? እዚህ ዕድሜ ደርሼ?"

"እኔ የለሁበትም!" አለ አሻግሬ። "እሳቸው ታች ካሉ እኔ ከላይ አልወጣም!"

"አባባ፣" አለች ድንቡሼ፣ "የላይኛው ወንበር ክብር የሚሆነው ግብዣ ቤት ነው። እኛ ግብዣ ላይ አይደለንም፣ መንገድ ላይ ነን። መንገዱ ደግሞ ያለው ታች ነው። ከላይ ሆነው ያዩት ነገር ካለ ይንገሩኝና እዚያው ይቀመጡ።"

አባ ብጫ አሰቡ። ዋሽተው አያውቁም። "ከላይ ሆኜ ያየሁት የራሴን ብርሃን ብቻ ነው" አሉ። "አውርዱኝ።"

ደባልቄ ካቻቪቴውን አነሣ። አባ ብጫ ወደ ታች ወረዱ፤ አሻግሬ ወደ ላይ ወጣ፤ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ "ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ አባባ" ይል ነበር።

እሑድ ነጋ! ሙሽራዋ ገባች። "አባዬ፣ ይሄ ጭድ ምንድን ነው?" "አትጠይቂኝ ልጄ።" ድንቡሼ ተነሣች፣ ጉሙ ደጃፍ ደረሰች።

"አባቴ የት አሉ?" አለ አያ ጉም ወደ ላይ እያንጋጠጠ። "ዛሬ አላየኋቸውም!"

"ከታች ነኝ" አሉ አባ ብጫ፣ ብጫውንም ብርሃን በአያ ጉም ጠርዝ ሥር አንሸራተቱት። የመንገዱ ዳር ታየ! ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ታዩ! አያ ጉም ሊሸፍን ዝቅ ቢል ሆዱ አስፋልቱን ነካና ኮረኮረው፤ እየሳቀ ወደ ላይ ተነሣ።

"እኔስ? ልብራ? ልብራ?" ይላል አሻግሬ።

"አንተ አሁን ዝም በል!" አለች ድንቡሼ። "ግራ፣ አባባ! ቀኝ፣ አባባ!"

ከጉሙ ወጡ። ወዲያው መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ ደረሰ፤ ጨለማ ነው። "አሻግሬ፣ አሁን!" አሻግሬም ብርሃኑን ወረወረው። ሩቅ፣ ከዋሻው መሃል፣ አንዲት አህያ ቆማለች! ፍሬን ተያዘ።

"ማነው ዓይኔ ላይ?" አለች አህያ።

"ሙሽራ ይዘናል፣ እመት አህያ!"

"ታዲያ እልል አትሉም!" አለችና ጥጓን ያዘች።

በእልልታ ዋሻውን ወጡ፣ በእልልታ ሙሽራው ደጅ ደረሱ። ደባልቄ ከመኪናው ወርዶ ማንንም ሳይስም አስቀድሞ ተንበረከከ፤ የአባ ብጫን ጭቃ በነጭ ነጠላው ጠረገ። "ጋሼ፣ ነጠላህ!" አለች ድንቡሼ። "ይታጠባል" አላት። "አንቺም ነገ ወደ ሥራሽ ነሽ።" ዶሮዋም እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ አደረች።

ክብር ማለት እንግዲህ ከፍ ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ብርሃንህ መንገዱን በሚያገኝበት ቦታ መቀመጥ ነው።

ተረቴ ደረሰች፤ የሰማ ይውረድ፣ ያልሰማ ይሳፈር።