ከእሱ ጋር ሂድ

«አባ፣ ልጄን ልረግመው ነው» አለ አንድ ነጋዴ፣ ንስሐ አባቱ ዘንድ ቀርቦ። «ምን አጎደልኩበት? አብልቼ፣ አልብሼ አሳደግሁት። ዛሬ ታምሜ እንኳ ደጄን አይረግጥም። ብረግመው ኃጢአት ይሆንብኛል?»

የአባ ወልደ ሐና ፊት ጠቆረ። ቁጭ በል እንኳ አላሉትም።

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ። «ባለጸጋ ነው። አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ የአባቱን በቅሎ ኮቴ ሲሰማ እየሮጠ ወጥቶ ልጓሟን ይይዛል። ‹አባባ፣ ነገ ወንዝ ይወስዱኛል?› ይላል። ባለጸጋው ሳይወርድ በአለንጋው ወደ በቅሎ ጠባቂው ይጠቁማል፤ ‹ከእሱ ጋር ሂድ!›

«ሄደ። ዋና ያስተማረው በቅሎ ጠባቂው ነው። እሾህ ሲወጋው እግሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የነቀለለት፣ በጥምቀት ታቦቱን እንዲያይ ትከሻው ላይ ያወጣው እሱ ነው። ባለጸጋው ገበያ ነው፣ ሸንጎ ነው፣ ድግስ ነው። ልጁም ልጓም መያዙን ተወ። አባትዬው ይህን እንኳ ልብ አላለም።

«ልጁ ጎልማሳ ሲሆን በቅሎ ጠባቂው ሞተ። ባለጸጋው ለወጉ ያህል ለቅሶ ደረሰ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? የገዛ ልጁ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከሟች ልጆች መካከል ተቀምጧል። ‹ዋና ያስተማርከኝ አባቴ!› እያለ ያለቅሳል። ለቀስተኛው ተራ በተራ ‹እግዚአብሔር ያጽናህ› እያለው ያልፋል።

«ባለጸጋው ተራው ደርሶ ልጁ ፊት ቆመ። ደሙ ፈላ። ‹እኔ በቁሜ እያለሁ ለማን ነው አባቴ እያልክ የምታለቅሰው? በሰው ፊት አዋረድከኝ!›

«ልጁ ቀና ብሎ አየው። ‹አባባ፣ ከእሱ ጋር ሂድ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሄድኩ።›

«ከኋላ ሰው ተራ ይጠብቃል። ባለጸጋውም ለገዛ ልጁ ‹እግዚአብሔር ያጽናህ› ብሎ አለፈ።»

አባ ጣታቸውን ነጋዴው ላይ ቀሰሩ።

«ያ ባለጸጋ አንተ ነህ! አንተ ሸቀጥህን ይዘህ ስትዞር ልጅህን ያሳደገው ዘበኛህ ነው፣ ጎረቤትህ ነው። አሁን አባትነትህ ትዝ ያለህ ለእርግማን ነው? እሺ! ከልጅህ ጋር የዋልክበትን አንድ ቀን ንገረኝና እርገመው።»

ነጋዴው ዓመታቱን ወደ ኋላ ቆጠረ። አንድም ቀን አልመጣለትም።

«አጣኸው?» አሉ አባ። «እሱም ያንኑ አጥቶ ነው የቀረብህ። ሂድ፣ ደጁን አንተ እርገጥ!»