የአራሷን ጣሪያ ማን ወሰደው?

ተረቴ ከሩቅ መንገድ መጥታለች፤ ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉላት።

በአንድ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ዳገት ሥር፣ አንዲት መንደር ነበረች። አንድ ቀን ጧት ከሐይቁ አውሎ ነፋስ ተነሣና የመንደሯን ጣሪያ ሁሉ ገልጦ ሄደ። የተረፈው የአንድ ሰው ጣሪያ ብቻ ነው፤ የእድሩ ዳኛ የጋሽ ደስይበለው። የእሳቸው ቤት የድንጋይ ነው። ድንጋዩን ማን እንደተሸከመው አሁን አናነሣም።

ጣሪያ ከሄደባቸው መካከል ስመኝ የምትባል አራስ ነበረች። ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። በዚያ አገር ልማድ አራስ ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከደጃፍ አትወጣም፤ ፀሐይ አያያትም፣ ነፋስ አይነካትም። ስመኝ ልማዱን አክብራ ከቤት አልወጣችም፤ ሰማዩ ራሱ ገባባት እንጂ። ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ጥቁር ደመና እየተጠራቀመ ነው።

አክስቷ ይታይሽ ሕፃኑን በነጠላዋ ከለለችና፣ "ቆዪኝ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ድንኳን ይዤ እመጣለሁ" አለቻት።

የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ አንድ ድንኳን። ድንኳኑ ደግሞ ተጣጥፎ ጋሽ ደስይበለው ቤት ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ የእድሩን ድንኳን ይስጡኝ። አራስ ሜዳ ላይ ቀርታብኛለች።"

"የእድር ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። የሞተባችሁ ሰው አለ?"

"እስካሁን የለም።"

"እንግዲያውስ!"

"ሕፃኑ እስኪሞት ጠብቄ ልምጣ?"

"አፍሽን ያዢ! ድንኳኑ ቢቀደድ የሚጠየቀው ማን ነው? እኔ! ደግሞ ጣሪያችሁን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም። ያፈረሰ ይሥራ። ሂጂና ነፋሱን ጠይቂ።"

ይታይሽ ሄደች። ነፋሱን ሐይቁ ዳር አገኘችው፤ በአንድ ቆርቆሮ ይጫወታል።

"አንተ ነፋስ! ና የአራሷን ጣሪያ መልስ!"

"እኔን ነው፣ እትዬ? እኔ እኮ ጉንጭ የማላቀዘቅዝ ሽውታ ነበርኩ። ሐይቁ አሞቀኝ። ስሞቅ አበጥኩ፣ ሳብጥ ተነሣሁ፣ ስነሣ የት እንደረገጥኩ አላውቅም። ሐይቁን ጠይቂ።"

ድንኳኑ ከዳኛው ቤት አልወጣም። ዳኛው ነፋሱን ጠይቂ አሉ። ነፋሱ ሐይቁ አሞቀኝ አለ። አራሷም ሰማይ ሥር ተኝታለች።

ይታይሽ ወደ ሐይቁ ጎንበስ አለችና፣ "ነፋሱን ለምን አሞቅኸው?" ብላ ጠየቀችው።

"እኔስ መሞቅ ወድጄ ነው? ድሮ ከዳገቱ ቀዝቃዛ ምንጭ ይወርድልኝ ነበር። አሁን የሚወርድልኝ ጭቃ ነው። ሆዴ በደለል ሞልቶ ኩሬ አክያለሁ። ኩሬን ፀሐይ ብታፈላው ማን ላይ ይፈረዳል? ዳገቱን ጠይቂ።"

ድንኳኑ ከዳኛው ቤት አልወጣም። ዳኛው ነፋሱን ጠይቂ አሉ። ነፋሱ ሐይቁ አሞቀኝ አለ። ሐይቁ ዳገቱ ምንጭ ነሳኝ አለ። አራሷም ሰማይ ሥር ተኝታለች።

ይታይሽ ዳገቱን ስትወጣ እግሯ እየተንሸራተተ ነው፤ የምትይዘው ቁጥቋጦ እንኳ የለም።

"ዳገቱ፣ ሐይቁን ምንጭ ለምን ነሳኸው?"

"ራሴን እይው እስቲ! እንደ ሐዘንተኛ ተላጭቻለሁ። ዛፍ ሳይኖረኝ ዝናቡን በምን ልያዘው? ሳልይዘውስ ምንጭ ከየት ላምጣ? የላጨኝ ምሳር ነው። እሱን ጠይቂ።"

ድንኳኑ ከዳኛው ቤት አልወጣም። ዳኛው ነፋሱን ጠይቂ አሉ። ነፋሱ ሐይቁ አሞቀኝ አለ። ሐይቁ ዳገቱ ምንጭ ነሳኝ አለ። ዳገቱ ምሳር ላጨኝ አለ። አራሷም ሰማይ ሥር ተኝታለች።

ምሳሩ ጉቶ ላይ ተሰክቶ ያርፋል።

"ዳገቱን ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የላጨኸው?"

"ምንም አላደረገኝም። እሳት ነው ራበኝ እያለ የሚያስቸግረኝ። ጧት ይርበዋል፣ ማታ ይርበዋል። ግንድ ሰጠሁት፣ ቅርንጫፉን አምጣ አለኝ። ሂጂ፣ እሱን ጠይቂ።"

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እስካሁን አንድም የዋሸ የለም። ቢዋሹ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ውሸታም በመጨረሻ ይያዛል። እውነት እየተናገረ የሚያመልጣችሁን ግን በምን ትይዙታላችሁ? እንደዚህ ያሉትን በሕይወቴ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዛሬም አልተነሡም።

ይታይሽ እሳቱ ዘንድ ደረሰች። እሳቱ ከሦስት ጉልቻ መሀል ይንጣጣል።

"ምን ሆድ ነው ያለህ፣ አንተ? አገር በላህ እኮ!"

"ሆዴን ተዪው፣ እናቴ። ከላዬ የተቀመጠውን እይ። የእድሩ ትልቁ ድስት ተጥዶብኛል። እሱ ሳይፈላ ብደክም እኔን በልምጭ ገርፈው አይተዉኝም፤ ውኃ ነው የሚደፉብኝ። ድስቱን ጠይቂ።"

ድንኳኑ ከዳኛው ቤት አልወጣም። ዳኛው ነፋሱን ጠይቂ አሉ። ነፋሱ ሐይቁ አሞቀኝ አለ። ሐይቁ ዳገቱ ምንጭ ነሳኝ አለ። ዳገቱ ምሳር ላጨኝ አለ። ምሳሩ እሳት ራበው አለ። እሳቱ ድስት ተጣደብኝ አለ። አራሷም ሰማይ ሥር ተኝታለች፤ ደመናውም ሐይቁን ተሻግሯል።

ይታይሽ ክዳኑን አንሥታ ወደ ድስቱ ውስጥ ጮኸች፣ "አንተስ ማን ላይ ልትጥለው ነው?"

"እኔ የምጥለው የለኝም" አለ ድስቱ እየተንተከተከ። "ለተዝካሩም ጣዱት፣ ለሠርጉም ጣዱት፣ እንግዳ መጣ ጣዱት፣ እንግዳ ሄደ ጣዱት የሚሉት ጋሽ ደስይበለው ናቸው። የፊተኛውን ማንኪያ የሚቀምሱትም እሳቸው። እሳቸውን ጠይቂ።"

ይታይሽ ተመለሰች። ብቻዋን ግን አልነበረችም። ነገሩ በማን ላይ እንደሚያርፍ ለማየት ሁሉም ተከትለዋታል፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን እየጎተተ፣ ምሳሩ በአንዱ ጎረቤት ትከሻ ላይ፣ እሳቱ በጭራሮ ጫፍ፣ ድስቱ በሁለት ሰው ሸክም። ሐይቁና ዳገቱ መራመድ ስለማይችሉ ካሉበት ጆሯቸውን አቀኑ። የመንደሩ ሰው አጥሩን ሞልቶታል።

"ነፋሱን ጠየቅሽው?" አሉ ጋሽ ደስይበለው ከበራቸው ላይ።

"ጠየቅሁት። ነፋሱ ሐይቁ አሞቀኝ አለ። ሐይቁ ዳገቱ ምንጭ ነሳኝ አለ። ዳገቱ ምሳር ላጨኝ አለ። ምሳሩ እሳት ራበው አለ። እሳቱ ድስት ተጣደብኝ አለ። ድስቱ ጋሽ ደስይበለው ጣዱኝ አለ።"

ጋሽ ደስይበለው ግራ አዩ፤ ነፋሱ አለ። ቀኝ አዩ፤ ምሳሩ አለ። ከዚያ ፊታቸው የቆመችውን ሴት አዩና ፊታቸው ፈካ።

"ከዚያ ድስት አንቺስ አልበላሽም?"

"በልቻለሁ።"

"ይኸው!"

"ጣፍጦኝም ነበር፤ በርበሬው በዝቶበት እንጂ።"

ሰው ሳቀ። ይታይሽ አልሳቀችም።

"በልቻለሁ፣ ጋሼ። ስለዚህ ድርሻዬን ተሸክሜ ከጧት ጀምሮ ስዞር ዋልኩ። እነዚህም ሁሉ ድርሻ አላቸው። እርስዎ የትኛውን ይሸከማሉ? ከእርስዎ ወዲያ የምጠይቀው የለኝም፤ መንገዱ እዚህ አለቀ።"

ሐይቁ ላይ ነጎድጓድ ተሰማ። ጋሽ ደስይበለው አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚጠሩት ስም አጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ቁልፉን አወጡ።

ቁልፉ ሲወጣ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ድንኳኑ ወጣ። ድንኳኑ ሲወጣ ድስቱ ውኃ ሊያፈላላት ወደ አራሷ ቤት ሄደ። ድስቱ ሲሄድ እሳቱ ተከትሎ አራሷን አሞቀ። እሳቱ በጭራሮ ሲጠግብ ምሳሩ ዛፍ ትቶ ካስማ ጠረበ። ምሳሩ ዳገቱን ሲተወው ዳገቱ ገመድ የሚታሰርበት ጉቶ አቀረበ። ሐይቁ፣ "ለእኔ ምንጩ እስኪመለስ ገና ነው" አለ። ነፋሱም ቆርቆሮውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ፤ ግን አንዴ ሞቋልና በአንድ ቀን አልበረደም።

ዝናቡ ሲወርድ ነፋሱ ተመልሶ ድንኳኑን ገፋ። የመሀሉን ምሰሶ የያዙት ጋሽ ደስይበለው ነበሩ። ክንዳቸው ዛለ። "እስቲ አንድ ሰው ይቀበለኝ" አሉ። ዞር ዞር ብለው አዩ። የሁሉም እጅ ገመድ ይዟል።

ከምሰሶው ሥር፣ ከእናቱ ጉያ፣ ሕፃኑ አስነጠሰ።

"ይማርህ" አሉ ጋሽ ደስይበለው፣ ምሰሶውን ሳይለቁ።