ሁለቱ የፓርላማ አባላትና የደሴቱ ጀልባ

አንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነበር። ኮረብታ ላይ የቆመ፣ ግድግዳው በሐረግ የተሸፈነ፣ ስሙ የተከበረ ትምህርት ቤት ነው። ልጁን እዚያ ያስገባ አባት «ልጄ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋውም ብዙ ጊዜ አይከሽፍም። ከዚያ ትምህርት ቤት ዳኞች ወጥተዋል፣ የጦር አዛዦች ወጥተዋል፣ የፓርላማ አባላትም ወጥተዋል። ይህ ታሪክ ፓርላማ ስለገቡት ስለ ሁለቱ ነው።

አንደኛው ሩፐርት ይባላል። የባለርስት ልጅ ነው። ቁመቱ ሎጋ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የገባበትን ክፍል በሳቅ የሚሞላ ልጅ ነበር። ሁለተኛው ሴድሪክ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ስለነበሩ የትምህርት ቤቱን ክፍያ አይችሉም፤ እሱ የገባው ፈተና አልፎ በነጻ ነው። ሴድሪክ ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ነገር ግን ሲናገር ምላሱ ይይዘዋል። በተለይ ሰው በተሰበሰበበት አንዷ ቃል አፉ ውስጥ ትታገልና አልወጣም ትለዋለች።

በትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ወላጆች ይጋበዛሉ፤ ተማሪዎችም መድረክ ላይ እየወጡ ያነባሉ። የሴድሪክ ተራ ደረሰ። አባቱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ የሰርጋቸውን ኮት ለብሰው፣ ከወላጆቹ መካከል ተቀምጠዋል። ሴድሪክ ጥቂት እንዳነበበ ምላሱ ተያዘ። ያን ጊዜ ሩፐርት ከኋላ ሆኖ ድምፁን እያስመሰለ ይንተባተብ ጀመር። ተማሪዎቹ ሳቁ። ወላጆችም ሳቁ። ሴድሪክ ቀና ሲል አባቱን አንገታቸውን ደፍተው አያቸው። እንደምንም አንብቦ ጨርሶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሙ ቀርቶ «ተብታባው» ሆነ።

ዓመታት አለፉ፤ ሁለቱም ጎለመሱ። ሩፐርት በገዥው ፓርቲ በኩል ተመርጦ ፓርላማ ገባ። ሴድሪክ ጠበቃ ሆነ፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጉዳይ ይዞ ሲሟገት ስም አወጣ፣ በኋላም በተቃዋሚው ፓርቲ በኩል ተመረጠ። ምላሱ አሁንም አልፎ አልፎ ይይዘዋል፤ ነገር ግን የሚናገረው ፍሬ ያለው ስለሆነ ሰው ቃሉ እስኪወጣ ይጠብቀዋል። ሁለቱ በፓርላማው መተላለፊያ ሲገናኙ ሩፐርት «እንዴት ነህ የጥንት ወዳጄ!» እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ሴድሪክ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ያ የድሮ ሳቅ ግን በእያንዳንዱ ሰላምታ ጆሮው ላይ ይጮህበታል።

ሩፐርትን ከመረጡት ሰዎች መካከል በአንዲት ትንሽ ደሴት የሚኖሩ ነበሩ። ወደ ዋናው ምድር የሚሻገሩት በመቅዘፊያ ጀልባ ነው። ባሕሩ በተቆጣ ጊዜ ማንም አይሻገርም። የታመመ ቢኖር፣ ምጥ የያዛት ብትኖር፣ ማዕበሉ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ሩፐርት ሳቅና ጨዋታ ያብዛ እንጂ እነዚህን ሰዎች ከልቡ ይወዳቸዋል። ስለዚህ መንግሥት ለደሴቱ ባለሞተር ትልቅ ጀልባና ማረፊያ እንዲሠራ የሚያዝ ረቂቅ ሕግ አቀረበ።

ረቂቁ ወደ አንድ ኮሚቴ ተመራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ሴድሪክ ሆኖ ተገኘ።

ሴድሪክ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ደግ አልነበረም። «ቦታውን በዓይኔ ሳላይ ለፓርላማው ምንም አላቀርብም» አለ። ሰው ሁሉ ጥንቃቄውን አደነቀ። እሱ ግን ሊሄድ የተነሣው ሕጉን የሚጥልበት ምክንያት ፍለጋ እንደሆነ ልቡ ያውቀዋል።

ደሴቱ ላይ የተቀበሉት አግነስ የሚባሉ አዋላጅ ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ አረማመዳቸው ፈጣን፣ በደሴቱ ካሉት ወጣቶች አብዛኞቹን በእጃቸው ያዋለዱ ሴት ናቸው። ጀልባው ይቆምበታል የተባለውን ቦታ እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። መንደሩን ለቀው ዳገቱን ወጡ፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ ወረዱ፣ ከደሴቱ በስተጀርባ ደረሱ። እዚያ ከአንድ ትልቅ ቤት በቀር የሰው ቤት አይታይም።

«ይህ ቤት የማነው?» አለ ሴድሪክ።

«የአንድ ሀብታም ነው። በበጋ ይመጣል፣ ወፍ ያድናል፣ ይሄዳል።»

«የሩፐርት ወዳጅ ነው?»

«አብረው ሲያድኑ አይተናል» አሉ ወይዘሮ አግነስ።

ሴድሪክ ፈልጎ የመጣውን አገኘ። የሐሰት ምክንያት መፍጠር እንኳ አላስፈለገውም፤ የተጨበጠ እውነት እጁ ገባ። ሙሉ ፓርላማ ፊት ቆሞ «ክቡራን፣ ይህ ጀልባ የታሰበው ለሕዝቡ ሳይሆን ለአንድ ወዳጅ ነው» ሲል፣ የሩፐርት ፊት ሲቀላ፣ ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ሲናወጥ ታየው።

«ወይዘሮ አግነስ» አለ፣ «ይህን ሕግ እጥለዋለሁ። ምጥ የያዛት ሴት በክረምት ይህን ዳገት እንዴት ትወጣለች? ሰውዬው የሠራውን ሥራ አገር ያውቀዋል።»

ሴትዮዋ መንገዳቸውን አቆሙ። ቀና ብለው ፊቱን አዩት።

«ጌታዬ፣ ቦታው ልክ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ግን ይዛወር ይበሉልን እንጂ ይቅር አይበሉብን።»

«ጥፋተኛው መጋለጥ የለበትም?»

«ይጋለጥ። ግን እርስዎ እሱን ሲያጋልጡ እኛ ሌላ ክረምት ልንጠብቅ ነው! ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ ምጥ ጸናባት። ባሕሩ አያሻግርም። ሌላ ማድረግ የምችለው ስላልነበረ እጇን ይዤ ማዕበሉን እየሰማሁ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር አተረፋት። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።» ከዚያም ጨመሩ፦ «እርስዎና ያ ሰው ምን እንዳላችሁ አላውቅም። የሆነ ነገር እንዳላችሁ ግን ፊትዎ ላይ አያለሁ። እኛ በመካከላችሁ የለንበትም።»

ሴድሪክ ከሴትዮዋ ጋር ወደ መንደሩ ተመለሰ። በጀልባ ሲሻገር ውኃው ፊቱን እየረጨው አንድ ነገር አሰበ። ከደሴቱ ሰዎች አንድም በእሱ የሳቀ የለም። እሱ ግን ለሩፐርት ያዘጋጀውን ዱላ በእነሱ ጀርባ ላይ ሊያሳርፍ ነበር። አፈረ።

በማግስቱ በፓርላማው ሻይ ቤት ሩፐርትን ለብቻው አገኘውና ስለ ማረፊያው ቦታ ጠየቀው።

«እሱማ ቀላል ነው» አለ ሩፐርት። «ወዳጄ መሬቱን በነጻ እሰጣለሁ አለኝ። መሬት መግዛት ቀረልን ብዬ ደስ አለኝ።»

«በክረምት ከመንደሩ ተነሥተህ እዚያ ድረስ በእግርህ ሄደህ ታውቃለህ?»

«አልሄድኩም» አለ ሩፐርት። «እኔ የምሄደው በበጋ ነው።»

ሴድሪክ ዳገቱንና ጭቃውን፣ ወይዘሮ አግነስ ያሉትንም ነገረው። ሩፐርት እየሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሰውዬው ተንኮል አላሰበም፤ ያላየውን ነገር ለማየት አልተጨነቀም እንጂ። ሴድሪክ ይህ ሲገባው ለብዙ ዓመታት አፉ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ አወጣው።

«ሩፐርት፣ ትምህርት ቤት ሳለን ወላጆች ፊት ያነበብንበትን ቀን ታስታውሳለህ?»

«የቱን? ብዙ ጊዜ አንብበናል እኮ።»

«እኔ ስንተባተብ አንተ ከኋላ ሆነህ ድምፄን ያስመሰልክበትን።»

ሩፐርት ግንባሩን ቋጠረ። ለማስታወስ ከልቡ ታገለ። «እኔ ነኝ?» አለ። «በእውነት አላስታውሰውም።»

ሴድሪክ እየቀለደበት መስሎት ዓይኑን አየው፤ ቀልድ የለበትም። ሰውዬው ረስቶታል። ሴድሪክ ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሞት የኖረውን ነገር ሩፐርት ያኔውኑ ከእራት በፊት ጥሎት ሄዷል። ሴድሪክ ሊናደድ ፈለገ፤ ነገር ግን ሳቁ መጣ። በራሱ ነው የሳቀው።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ሩፐርት።

«ላንተ ያቆየሁት ቂም ነበር። ባለቤቱ አላውቀውም ሲል ምን አደርገዋለሁ?»

ሩፐርት ግን አልሳቀም። «አባትህ እዚያ ነበሩ?» ሲል ጠየቀ።

«ነበሩ።»

ሩፐርት አንገቱን ነቀነቀ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። «ማረፊያው ወደ መንደሩ ይዛወር። ለወዳጄ እኔ እነግረዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ሴድሪክ ረቂቁን ይዞ ፓርላማው ፊት ቆመ። ማረፊያው ወደ መንደሩ ተዛውሮ ሕጉ እንዲጸድቅ ኮሚቴው መስማማቱን አስረዳ። ስለ ሩፐርት ወዳጅ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የሚጎዳ ነገር ተስተካክሏልና። ከሁለቱም ወገን እጅ ወጣ፤ ሕጉ ጸደቀ።

በዚያው ሳምንት የሴድሪክ አባት ሱቃቸው ውስጥ ተረከዝ እየመቱ ሳሉ አንድ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ፣ ሩፐርት እባላለሁ። ከልጅዎ ጋር ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ልጅዎ መድረክ ላይ ሲያነብ በእርስዎ ፊት አላግጬበታለሁ። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልረሳውም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ያን ቀን እኔም አልረሳሁትም። የማስታውሰው ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅበት ልጄ አቋርጦ አልወረደም። እየታገለ እስከ መጨረሻው አነበበ። እኔ ብሆን ሮጬ እወጣ ነበር። እንባዬን ሰው እንዳያይብኝ አቀረቀርኩ። እንደዚያን ቀን በልጄ ኮርቼ አላውቅም።»

ሩፐርት ይህን ለሴድሪክ ነገረው። ሴድሪክ አባቱን አዋረድኳቸው እያለ ሲኖር አባቱ ሲኮሩበት ኖረዋል። ሁለቱም ለመጠየቅ አልደፈሩም ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ወደ አባቱ ሱቅ ሄደ፤ እስኪመሽ ተጫወቱ።

ጀልባው ተሠርቶ ሥራ የጀመረ ቀን ሁለቱም ደሴቱ ላይ ተገኙ። የመንደሩ ሰው ማረፊያውን በአበባ አስጊጦ፣ ኬክ ጋግሮ፣ ሙዚቀኞች ጠርቶ ጠበቃቸው። መጀመሪያ እንዲሻገር የተመረጠው ዋናው ምድር ላይ ለገበያ የሚቀርብ አንድ ትልቅ በግ ነበር። በጉ ግን መሳፈሪያው ጋ ሲደርስ እግሩን ተክሎ አልሄድም አለ። ባለቤቱ ቢጎትት፣ ሙዚቀኞቹ ቢያጨበጭቡ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሩፐርት ኮቱን አውልቆ ቀንዱን ያዘ፣ ሴድሪክ ከኋላ ሆኖ ገፋ። «ግ... ግ... ጎትት እንጂ!» አለ ሴድሪክ። «እየጎተትኩ ነው፣ አንተ ግፋ!» አለ ሩፐርት። ሦስቱም ተያይዘው ጀልባው ላይ ወደቁ። ወይዘሮ አግነስ እስኪያነቡ ሳቁ። ሁለቱ የፓርላማ አባላትም ጭቃቸውን እያራገፉ አብረው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በብዙ ነገር አልተስማሙም። ሩፐርት የደገፈውን ሴድሪክ ይቃወመዋል፤ ሴድሪክ ያመጣውን ሩፐርት ይተቸዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። በደሴቱም ማዕበል ተነሥቶ የሚጨነቅ ቤት ሲኖር ጀልባዋ ሞተሯን አስነሥታ ትሻገራለች።

ወዳጆቼ፣ የበደለን ሰው ብዙ ጊዜ መበደሉን አያውቀውም። እኛ ግን ቂሙን ይዘን እንቆያለን፤ ሥልጣን እጃችን የገባ ቀን ደግሞ ምንም በማያውቅ ሰው ላይ እናወርደዋለን። ይህን ስናደርግ እውነት ከእኛ ጋር ልትሆን ትችላለች፤ አደገኛው ነገርም ይኸው ነው። እውነትን ለማፍረስ ብቻ የሚጠቀምባት ሰው ተበቃይ ነው፤ እውነትን ይዞ የተጣመመውን የሚያቀና ግን ዳኛ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ቃል አንድ ሊሆን ይችላል፤ ከንግግሩ በኋላ ሕዝቡ ጀልባ አገኘ ወይስ አጣ የሚለው ይለያቸዋል።

እርስዎስ ዛሬ «ይቅር» እያሉ የሚቃወሙት፣ ግን «ይዛወር» ቢሉት ሊቃና የሚችል ነገር የለዎትም?