ጫጩት የማይፈጅ መረብ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ለሁሉም ይበቃል ይባል በነበረበት ዘመን፣ እንድሪስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጎታች መረቡ ዓይኑ ጠባብ ነውና የሐይቁን ወለል እየጠረገ ትልቁንም ዓሣ ጫጩቱንም አግበስብሶ ያወጣል። የሚሸጠው ይለቀማል፤ ጫጩቱ ዳር ላይ ይደፋል። ሊሞት ሲል ይኼ ጸጸተውና ሚስቱን ዘሀራን፣ «ጀልባዬን ጫጩት የማይፈጅ መረብ ለሠራ ልጅ ስጪልኝ» አላት። ልጆቹ ሦስት፣ ጀልባዋ አንድ። የምታኖረው አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት አገር ጥለው መሄዳቸው ነው። ዘሀራን እንቅልፍ የነሳት ይኼ ነበር።

ትልቁ ሁሴን መረቡን ፈትቶ ዓይኑን አስፍቶ ሠራው። ጫጩቱ እየሾለከ አመለጠ። «ይኸው እማዬ፣ የአባባን ቃል ፈጸምኩ» አላት። ዘሀራ እልል አለች።

መካከለኛዋ ልጅ ከድጃ ግን ሳቀችበት። «ቆሮሶ ዓሣ ልጆቿን አፏ ውስጥ እንደምታሳድግ ረሳኸው እንዴ? እናትየውን ይዘህ ልጆቹን ብትለቅ ወፍ አይለቅማቸውም?» ቆሮሶ ሲደነግጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ በመረቡ ከረጢት አናት ላይ መስኮት ከፈተችለት። እናቶቹ ከነልጆቻቸው ወጡ። ታች የቀረው አምባዛ ነው፤ ገበያተኛው ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በደጄ አይለፍ ይላል። ወይ አበሳ! ቤቱ ጠዋትም ማታም አምባዛ በላ።

ትንሹ ጀማል መረብ አልነካም። እሱ ያየው ሌላ ነው፦ ጎረቤቶች ጠባብ መረባቸውን ይዘው ከኋላ እየተከተሉ ያመለጠውን ሁሉ ያፍሱ ነበር። ዓሣው የሚራባበት ሸምበቆ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ መንገድ ዘጋባቸው። «በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እዚህን እንኳ ተዉ!» አላቸው። በመቅዘፊያ ክንዱን ሰበሩት፤ ክንዱም እንደዋዛ ሽባ ሆኖ ቀረ።

ብዙም አልቆየ፣ የሐይቁ ዓሣ ነጠፈ። ሰፊ ዓይን በሉት መስኮት፣ መረቡ ጭቃ ብቻ ያወጣ ጀመር። ጀልባዋ አሁን መንገደኛ ከማሻገር በቀር አትረባም።

ሦስቱም እናታቸው ፊት ቆሙ።

«ቃሉን የፈጸምኩ እኔ ነኝ» አለ ሁሴን።

«እናቶቹን ያተረፍኩስ?» አለች ከድጃ።

ጀማልስ? ጀልባዋን ቢሰጡት በአንድ እጁ አይቀዝፍ፤ ቢከለክሉት ለአንድ እጅ ማን የቀን ሥራ ይሰጣል?

ዘሀራ የጀልባዋን ገመድ እንደያዘች አለቀሰች። እናንተ ሰሚዎች፣ እኔስ አቃተኝ፤ እስቲ ፍረዱ፦ ገመዱን ለማን ታቀብል?