ከፍ ያለው ወንበር

የሰፈሩ ባዛር ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ጠቆረ። ኮሚቴው ያለው ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእድሩ በውሰት የሚመጣ ነው። በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት አሥር ሴቶች እሱን ተማምነው አስፈጭተዋል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘውገ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው።

"ድንኳኑ ሜዳው መሃል ይተከል። ከውስጥ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ብቻዬን እሆናለሁ፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቆማል። መጀመሪያ የሕይወት ታሪኬ ይነበባል፤ ከዚያ ተነስቼ ንግግር አደርጋለሁ።"

በኮሚቴው በነፃ ከሚያገለግሉት አንዷ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የምትይዝ ሴት ነበረች።

"ሻጮቹስ ጋሼ? ዝናብ ከመጣ በርበሬው ጭቃ ይሆናል እኮ" አለች።

"ጃንጥላ ይያዙ! አንቺም ወይ ቁልፉን አምጪ፣ ወይ ከኮሚቴው ውጪ!"

ሴትዮዋ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እንዳሉ ይሁን ጋሼ። እድራችን ይህን ሥርዓት ያውቅበታል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ፣ አንዱ መሃል ላይ ከፍ ብሎ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብለት ስንቱን አይቻለሁ። ተነስቶ ንግግር ያደረገ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።"

ኮሚቴው ሳቁን መያዝ አቃተው። አቶ ዘውገ ቁልፉን በአንድ ጣታቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"በርበሬው ይግባ" አሉ ቀስ ብለው። "የሕይወት ታሪኬም... ለጊዜው ይቆይ።"

"ይቆይ እንጂ ጋሼ" አለች ቁልፏን መልሳ እየቋጠረች፤ "ገና ይረዝማል።"