የፊታውራሪው ወይን ቀማሾች

ፊታውራሪ እንግዳሸት ለሴት ልጃቸው ሠርግ ብለው ከአንድ ነጋዴ አንድ በርሜል ወይን ጠጅ ገዙ። ነጋዴው «ከፖርቱጋል የመጣ፣ ፖርቶ የሚባል ጣፋጭ ወይን ነው» ብሎ ነበር የሸጠላቸው። ፊታውራሪው ባሕር ማዶ ደርሰን መጥተናል የሚሉ አራት የወይን ጠጅ አዋቂዎች ጠርተው አስቀመሱ። አዋቂዎቹ አንድ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ቀና ብለው ጌታውን አዩ። ጌታው ፈገግ ማለታቸውን ሲያዩ «እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቀምሰን አናውቅም» አሉ።

ፊታውራሪው ደስ ቢላቸውም ልባቸው አልረጋም፤ በሠርጉ ላይ የአገሩ ገዥ ይገኛሉና። ስለዚህ በሰፈሩ ጠጅ እየጣለች የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት አስጠሩ። ሴትዮዋ ቀመሰችና ዋንጫውን አስቀመጠች።

«ሆምጣጤ ነው፣ ጌታዬ» አለች።

አዋቂዎቹ አጉረመረሙ። ፊታውራሪው ተቆጡ። «አገር ያዩ ሰዎች ያመሰገኑትን፣ ከማርና ከጌሾ በቀር የማታውቂው አንቺ ታጣጥያለሽ? ከእናንተ ማን እንደዋሸ ካላስረዳሽኝ ትገረፊያለሽ» አሏት።

«ማንም አልዋሸም፣ ጌታዬ። እኔ የቀመስኩት ወይኑን ነው፤ እነሱ የቀመሱት የእርስዎን ፊት ነው» አለች።

ፊታውራሪው ሳያስቡት ሳቁ። «እንግዲያው ፊቴ ጣፋጭ ነው ማለት ነዋ» አሏት።

ሴትዮዋ ለመሄድ ተነሣች። «እሱንም ቢሆን በእነሱ ቃል አይመኑ፣ ጌታዬ፤ ለሆምጣጤውም የመሰከሩለት እነሱ ናቸው።»