ፍቺኝ ያለው ጥርኝ

ተረት ተረት! ዛሬ የላም በረት እንዳትሉኝ፤ የጥርኝ ቤት በሉ። እንዲህ ነው እንጂ። አንተ ደግሞ ማዛጋቱን ተውና ስማ።

በድሮ ጊዜ፣ ጉም ከጫካ ወርዶ ደጃፍ ላይ በሚተኛበት አገር፣ ዳሳሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሆደ ቡቡ ናት። በሬ ሲገረፍ ካየች እህል አይወርድላትም። ጎረቤቷ አባ ጊሳ ደግሞ ጥርኝ ያረባሉ። አንድ ጥርኝ ከግልገልነቱ ጀምሮ በቀርከሃ ሳጥን ዘግተው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው፣ ገንፎ ያበሉታል። ከዚያ ዝባድ የሚሉትን ሽቶ ከገላው በቀንድ ማንኪያ ይፍቃሉ። ያን ጊዜ ጥርኙ ያለቅሳል። ዳሳሽም ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ጥርኙ በሕልሟ መጣ። ጉሙ ላይ ቆሞ፣ «ፍቺኝ» አላት።

ጠዋት ሄዳ አባ ጊሳን ለመነቻቸው። እሳቸውም ልብሴም ጉርሴም እሱ ነው፣ ደግሞስ ከኔ ቤት ሌላ ምን ያውቃል ብለው ሸኟት።

ሁለተኛም በሕልሟ መጣ። «ፍቺኝ።» አባ ጊሳ ገበያ ሲሄዱ የሳጥኑን ጠፍር በጥሳ ለቀቀችው። ጥርኙ ግን ማደን የት ያውቃል! ውሻ ጆሮውን ዘልዝሎት እየደማ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

ሦስተኛም መጣ። «ፍቺኝ።» አሁንስ ዳሳሽ ጨከነች። ቤቱ ካለ ይመለሳል፣ እንግዲያው ቤቱ ይጥፋ አለች። አባ ጊሳ እርሻ ሲውሉ ጥርኙን ታቅፋ አወጣችና ሣር ክዳኑን ለኮሰችው።

ጥርኙ እሳቱን አየ። ለሱ እሳት ምን ነበር? ሙቀት ነበር። ገንፎ ነበር። ቤት ነበር። ከእቅፏ አምልጦ ወደ ነበልባሉ ሮጠ።

ዳሳሽ ከደጅ ሆና ጮኸች። ጭሱን አይተው የመጡት አባ ጊሳ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ጥርኙን ይዘው ሲወጡ መዳፋቸው ተቃጥሎ ነበር። ለዝባዱ ነው ለነፍሱ? እኔ አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዳሳሽ እያለቀሰች ሕልሟን ተናገረች። ከመካከላቸው አንዱ ሕልም ፈቺ ነበሩ፤ እንዲህ አሏት።

«ልጄ፣ ፍቺኝ አለሽ። መቼ በጥሺኝ አለሽ? መቼ አቃጥይኝ አለሽ? ቋጠሮ የሚፈታው በጣት ነው።»

ቤቱን መልሳ እንድትሠራ፣ እጃቸው እስኪድንም አባ ጊሳን እንድታጎርስ ፈረዱባት። ጥርኙንስ ሲሏቸው፣ አባ ጊሳ ማንኪያውን በየትኛው እጄ ልያዝ፣ እሷው ትውሰደው አሉ።

ያኔ ዳሳሽ ብልሃት መጣላት። የገንፎውን ገበታ ዛሬ ደጃፍ ላይ አኖረች። ሰንብታ አጥሩ ጥግ። ሰንብታ ጫካው ዳር። ገንፎውንም እያደር ታሳንሰው ጀመር። ጥርኙ ሲርበው ጢንዚዛ ያዘ፣ ቆይቶ አይጥ ያዘ። አንድ ጠዋት ገንፎው ሳይነካ አደረ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ጉሙን እየገፉ ፍለጋ ወጡ። ጥርኙ የለም። ጫካው ዳር አንድ ግንድ ላይ ግን ገና ያልደረቀ ዝባድ ተለቅልቋል። አባ ጊሳ በጠባሳ መዳፋቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት።

«ሳልፍቀው ሰጠኝ» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጥርኙ በዳሳሽ ሕልም አልመጣም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔም ተረቴን ፈታኋት፤ ቀስ ብላችሁ ሸኟት።